«የመድኃኒትነት አቅም» ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። እንግዳው ስለ ሽፈራው ቅጠል (ሞሪንጋ) ያወራል። «የመድኃኒትነት አቅም እንዳለው በጥናት ተረጋግጧል፤ ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ከኪኒን ይገላገላል» አለ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔን ግን ያቺ «ስለዚህ» አንገበገበችኝ።

ፋርማሲስት ነኝ። ጥቁር አንበሳ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። «አቅም አለው» የምትለዋን ቃል እየሰሙ ኪኒናቸውን ያቋረጡ ሰዎች በየጊዜው ይመጡብኛል።

አቅም አለው ማለት ያድናል ማለት አይደለም። ሊያድን ይችል ይሆናል፣ መመርመር አለበት ማለት ነው። ለኮንዶሚኒየም እንደ መመዝገብ ቁጠሩት። በ2005 የተመዘገበ ሰው በማግስቱ ሶፋና አልጋውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ ሳይት አልሄደም። ይቆጥባል፤ እጣ ይጠብቃል፤ ስሙ ከወጣ ይዋዋላል፤ ቁልፉን የሚረከበው ከዚያ በኋላ ነው። ዕፅዋትም እንደዚያው ናቸው። ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ነገር ማሳየት ምዝገባው ነው። አይጥ ላይ መሞከር ቁጠባው ነው። ሰው ላይ ሲሞከር፣ መጀመሪያ ጉዳቱ ቀጥሎ ጥቅሙ ሲመዘን፣ ያኔ እጣው ደረሰ እንበል። አብዛኞቹ ዕፅዋት ግን ከዝርዝሩ አያልፉም። የሬዲዮው እንግዳ የምዝገባ ደረሰኝ እያሳየ ሰዉን ከኪራይ ቤቱ ያስወጣል። ኪራይ ቤቱ ኪኒኑ ነው።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። እጣ የዕድል ጉዳይ ነው። ዕፅ ግን በዕድል አይወድቅም፤ የሚወድቀው ሲሞከር ስላልሠራ ወይም ስለጎዳ ነው።

«የካንሰር ሴል ገደለ» የሚለውም አለ። የት ነው የገደለው? ፕላስቲክ ሳህን ላይ። በረኪናም ሳህን ላይ ያለ የካንሰር ሴል ይገድላል። ከባዱ ጥያቄ ጤነኛውን ሴል ሳይነካ፣ ጨጓራና ጉበትን አልፎ፣ በቂ ሆኖ በሽታው ዘንድ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ላብራቶሪ ውስጥ ቅጠሉ የሚዘፈዘፈው ሜታኖል ወይም ኢታኖል በሚባል አልኮል ነው። እኛ ቤት የሚፈላው በውኃ ነው። ውኃ የሚያወጣውና አልኮል የሚያወጣው ንጥረ ነገር አንድ አይደለም። የመጠኑም ነገር እንደዚያው ነው። አይጥ በኪሎ 500 ሚሊግራም ወሰደች ተብሎ በሰው ክብደት አይባዛም። ከትንሿ የላብራቶሪ አይጥ (ማውስ) ወደ ሰው ሲመጣ በኪሎ የሚሰጠውን መጠን ወደ 12 ለሚጠጋ ቁጥር እናካፍላለን። ያም ቢሆን ጥናት ለመጀመር ነው እንጂ ለመጠጣት አይደለም።

ደግሞ የትኛው ሽፈራው? ኮንሶና ጋሞ የሚበቅለው የኛው ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ነው። በዓለም ላይ ብዙው ጥናት የተሠራው በሕንዱ ዘመድ በሞሪንጋ ኦሌይፌራ ነው። ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን ባንዱ ስም የተመዘገበው ለሌላው አይሆንም። «አባቶቻችን ሲጠቀሙበት ኖረዋል» ለሚለኝ፦ አዎ፣ ኮንሶዎች እንደ ጎመን ቀቅለው ይበሉታል። ምግብነቱን አልክድም፤ ደግ ቅጠል ነው። የባህል ሕክምናንም አልንቅም። ኮሶ የኮሶ ትልን በእርግጥ ያስወጣል። ግን መጠኑ ሲያልፍ ዓይን እስከማጥፋት ሊደርስ ይችላል። የሚሠራ ነገር ልኩ ካልታወቀ ይጎዳል።

ቁልፍ የተረከበ ዕፅ ልንገራችሁ። የማዳጋስካር ፔሪዊንክል የሚባል ባለ ሮዝ አበባ ተክል አለ። ጃማይካ ውስጥ ቅጠሉን ለስኳር ሕመም አፍልተው ይጠጡት ነበር። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች አይጥ ላይ ሞከሩት። ስኳሩን አልቀነሰም። የአይጦቹ ነጭ የደም ሴል ግን አሽቆለቆለ። ከዚያ ቪንብላስቲን የተባለ የካንሰር መድኃኒት ተገኘ፣ ቪንክሪስቲን ተከተለ። ዛሬ የደም ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት የሚታከሙበት ቪንክሪስቲን ከዚያ ቅጠል የመጣ ነው። የሚሰጠው በደም ሥር ብቻ ነው፤ በስህተት ጀርባ አከርካሪ ውስጥ ከተወጋ ይገድላል። ቅጠሉን ለስኳር ሲጠጡት የኖሩት ሰዎች አቅም እንዳለው በትክክል ጠርጥረዋል። በምን ላይ እንደሚሠራ ግን የነገራቸው ሻይው አይደለም።

ሬዲዮውን በሰማሁ በሁለተኛው ቀን አንዲት እናት መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው አረንጓዴ ዱቄት የያዘች ላስቲክ አወጡ። የስኳር ኪኒናቸውን፣ ሜትፎርሚንን፣ ካቆሙ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ጣታቸውን ወግቼ ስኳራቸውን ለካሁ፦ 312፤ በጣም ከፍ ያለ ነው።

«ታዲያ ልጣለው ልጄ?» አሉኝ።

«አይጣሉት እማማ» አልኩ። «ወጥ ላይ ነስንሰው ይብሉት። ዛሬ ግን ከዚህ ወጥተው ቀጥታ ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ፣ ላስቲኳንም ያሳዩዋቸው።» ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው። ከላስቲኳ ጋር አንድ ላይ ቋጠሯት።