«ባሕር ሸሽ» ማለት ደረቅ መሬት ነው?

በጣና ዳር «ባሕር ሸሽ» የሚባለው ሐይቁ በበጋ ሲያፈገፍግ ብቅ የሚለው መሬት ነው። ብዙዎች «ውኃው ከለቀቀው እርሻ ነው» ይላሉ፤ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ጣና መስከረም አካባቢ ሞልቶ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ ይህችው ልዩነት ሰፊ መሬት ትገልጣለች። መሬቱ ግን የሐይቁ አካል ነው፤ ክረምት ሲመጣ ተመልሶ ይዋጣል። ታርሶ ከቆየ የላላው አፈር ከነማዳበሪያው ወደ ውኃው ይገባና እንቦጭ የተባለውን የውኃ አረም ይመግባል፤ ቀረሶና አምባዛ የተባሉት ዓሦች የሚራቡበት ሣርም አብሮ ይጠፋል።

በዳርቻው የሚበቅለውን ደንገል ለታንኳ መሥሪያ ማጨድ ይቻላል፤ ይህ አይከለከል። የደረሰውን ዘንግ ብቻ ቁረጡ እንጂ ሥሩን አትንቀሉ፣ አታቃጥሉም። ሥሩ ከተረፈ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከተነቀለ ግን ደለሉን ለሐይቁ የሚይዝለት የለም።