የተቆለፈ ቁምሳጥን ውስጥ ማየት አምላክ አያደርግም

እ.ኤ.አ. በ1884 ለንደን ውስጥ «ፍላትላንድ» የምትባል አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ታተመች። ደራሲዋ ኤድዊን አቦት የአንግሊካን ቄስ ነው፤ የሲቲ ኦፍ ለንደን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርም ነበር። ሽፋኑ ላይ ግን በስሙ ፈንታ «ካሬ» ብሎ ጻፈበት። ብዙዎች የሒሳብ ጨዋታ ናት ብለው ያነቧታል። እኔ ግን ደህና ስብከት አግኝቼባታለሁ።

ፍላትላንድ ርዝመትና ስፋት ብቻ ያለው አገር ነው። ከፍታ የሚባል ነገር የለም። ሰዎቹ ሦስት ማዕዘኖች፣ ካሬዎች፣ ክቦች ናቸው። ቤታቸው ዙሪያውን በመስመር ከታጠረ አለቀ፤ ጣሪያ ምን እንደሆነ አያውቁም። ታሪኩን የሚነግረን ካሬ በ1999 የመጨረሻ ቀን ምሽት፣ በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ፣ ሳይታሰብ እንግዳ መጣበት። እንግዳው ድቡልቡል ሉል ነው። ካሬው ግን ሉል ማየት አይችልም። ሉሉ ጠፍጣፋውን አገር አቋርጦ ሲያልፍ የሚያየው አንድ ክብ ሲሰፋ፣ ሲጠብ፣ ከዚያም ድንገት ሲጠፋ ነው።

ሉሉ ብዙ ለፋ። ከላይ ሆኖ የተቆለፈውን ቁምሳጥን ውስጡን አየ። በሩን ሳይነካ አንድ ሰሌዳ አውጥቶ ወሰደ። ካሬው ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ሉሉ ከላይ ወረደና ሆድ ዕቃውን ነካ አደረገው። ካሬው አስማተኛ ነው ብሎ ተነሣበት። አይፈረድበትም።

ከዚያ ሉሉ ካሬውን ወደ ላይ አወጣው። ካሬው ቁልቁል ሲያይ የየቤቱ ውስጥ፣ የየሰዉ ሆድ ዕቃ ሁሉ ፊቱ ተዘርግቷል። «እንደ አምላክ ሆንኩ!» አለ። ሉሉም በእኛ አገር ሌባውም ነፍሰ ገዳዩም ይህንኑ ያያል፤ እነሱም ሊመለኩ ነው? ሲል መለሰለት። አስከትሎም ጠየቀው፦ ይህ ሁሉን ማየትህ ይበልጥ ጻድቅ፣ ይበልጥ መሐሪ፣ ይበልጥ አፍቃሪ ያደርግሃል?

ካሬው መሐሪነትና ፍቅርማ የሴቶች ጠባይ ነው ብሎ አረፈው።

ወገኖቼ፣ ይህ ጥያቄ ያኔ ባዶ ሜዳ ላይ አልተጠየቀም። ሄንሪ ስሌድ የሚባል አሜሪካዊ መናፍስት ጠሪ በ1876 ለንደን ላይ በማጭበርበር ተከሶ ተፈርዶበት ነበር፤ በይግባኝ ወጣ። በዓመቱ ላይፕዚግ ሄደ። እዚያ ዞልነር የተባለ ስመ ጥር የፊዚክስ ሊቅ ተቀበለው። ስሌድ ጫፎቹ በሰም በታሸጉ ገመድ ላይ ቋጠሮ ሲያሳየው፣ ፕሮፌሰሩ በአራተኛው ዳይሜንሽን፣ ማለትም ከርዝመት፣ ከስፋትና ከከፍታ ሌላ በሆነ አቅጣጫ የሚኖሩ ፍጡራን ሥራ ነው ብሎ መጽሐፍ ጻፈ፤ ሉሉ የተቆለፈውን ቁምሳጥን ሳይከፍት እንደገባው ማለት ነው። የተማረ ሰው ነው እንግዲህ!

እኛስ? «አገልጋዩ ስልክ ቁጥሬን ነገረኝ» ሲባል ጉባኤው በእልልታ ይቀልጣል። ቁጥሩ ልክ ሊሆን ይችላል። በፊልጵስዩስ የነበረችው የጥንቆላ መንፈስ ያደረባት ገረድም የተናገረችው ልክ ነበር፤ «እነዚህ ሰዎች የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው» ነው ያለችው። ጳውሎስ ግን አላመሰገናትም፤ መንፈሱን አስወጣው (ሐዋ. 16)። ለቆሮንቶስ ሰዎችም «ምሥጢርንም ሁሉና እውቀትን ሁሉ ባውቅ» ፍቅር ግን ከሌለኝ ከንቱ ነኝ ብሏል። ስለዚህ ቁጥሩን ትተን ሰውየውን እንይ። ዘበኛውን እንዴት ያናግረዋል? ቤቱ የምትሠራውን ልጅ ደመወዟን በጊዜው ይከፍላታል?

ዮሐንስ 20ን በዚህ ዓይን አንብቡት። ደጆቹ ተዘግተው ሳሉ ጌታ መጥቶ በመካከላቸው ቆመ። እንዴት ገባ? ወንጌላዊው አንድ ቃል አይነግረንም። እኛ ብንሆን ስለ በሩ ብቻ ሦስት ቀን ኮንፈረንስ እናደርግበት ነበር። ጌታ ግን «ሰላም ለእናንተ ይሁን» አለና እጆቹንና ጎኑን አሳያቸው። ደቀ መዛሙርቱን ያስደሰታቸው ጌታን ማየታቸው ነው። ጌታ መሆኑንም ያወቁት በቁስሉ ነው።

አቦት ራሱ በ1897 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ ወደዚሁ ነገር ተመልሷል። አራተኛውን ዳይሜንሽን ማሰብ አእምሮን ያሰፋል፤ ግን በቀጥታ ወደ እግዚአብሔር አያቀርበንም ይላል። ማርስ ብንወጣ እንኳ፣ ትሕትናንና እውነትን ማክበርን ካልተማርንበት፣ ወደ ዙፋኑ አንቀርብም። የሒሳብ ፍቅር ያለው ቄስ ይህን መጻፉ ደስ ይለኛል። ኤፌሶን 3 ላይም ስፋት፣ ርዝመት፣ ከፍታና ጥልቀት ተቆጥረው ሐሳቡ የሚያርፈው የክርስቶስን ፍቅር በማወቅ ላይ ነው።

ታዲያ ያ ስለ ፍቅር ያስተማረው ሉል መጨረሻው አላማረም። ካሬው ትምህርቱ ገባውና «በል እንግዲህ ወደ አራተኛው ውሰደኝ፤ ያንተንም ሆድ ዕቃ ልየው» አለው። ሉሉ ተቆጣ። እንዲህ ያለ አገር የለም አለ። ካሬው ዝም አልል ሲለው ወደ ፍላትላንድ ወረወረው። እኛ የምናስተምር ሰዎች ይህን ክፍል ደግመን ብናነበው አይከፋም። ከእኛ በላይ ስላለው ነገር የጠየቀ ወጣት፣ ስንቴ «አታብዛ» ተብሎ ተቀምጧል?