ጅማ ላይ ለሥራ ፈላጊና ለሠራተኛ ያሉ የመንግሥት አገልግሎቶች

ጅማ ላይ የመንግሥትን እገዛ ፈልጎ የሚነሳ ሥራ አጥ መጀመሪያ የሚሄደው ቀበሌው ነው። እዚያ የነዋሪነት መታወቂያውንና የትምህርት ማስረጃውን አሳይቶ በሥራ ፈላጊነት ይመዘገባል። ፋይዳ የተባለውን ዲጂታል መታወቂያ ያላወጣ ሰው ቀደም ብሎ ቢያወጣ ከብዙ ምልልስ ይድናል። የጽሕፈት ቤቶቹ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በአማርኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ማመልከቻውን የሚያስተካክልለት ሰው ቢይዝ ይመረጣል።

ከቀበሌው በላይ የከተማው የሥራ ዕድል ፈጠራ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ የክልሉ ቢሮ፣ ከላይ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አለ። የጅማ ከተማና የጅማ ዞን አስተዳደር ግን የተለያዩ ናቸው። የሰቃ ወይም የማና ልጅ ከተማ ውስጥ ቢውልም የሚስተናገደው በወረዳው ነው። ይህን ሳያውቅ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት ሰው ጥቂት አይደለም።

ለተመዘገበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ተደራጁ» የሚል ነው። በእንጨት ሥራ፣ በብረታ ብረት፣ በከብት ማድለብ ወይም በምግብ ዝግጅት የተደራጀ ማኅበር የመሥሪያ ሼድ ሊጠይቅ ይችላል። የቀድሞው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የአሁኑ ስንቄ ባንክ፣ ብድር ከሚሰጡት አንዱ ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። በርጩማና ወንበር በመሥራት ለምትታወቅ ከተማ የእንጨት ሥራ ማኅበር ያስኬዳል። ግን ሁሉም ሰው ነጋዴ መሆን አይፈልግም። የሒሳብ ዲግሪ ይዞ ደመወዝተኛ መሆን የሚፈልገው ልጅ እዚህ ላይ ግራ ይገባዋል። እሱ ሥራ የሚጠብቀው ከማስታወቂያ ሰሌዳና ከቴሌግራም ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የሕክምና ማዕከሉ የፌዴራል ተቋማት ስለሆኑ የሚቀጥሩት በራሳቸው ማስታወቂያ ነው።

ሙያ ለሚፈልግ የጅማ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ሥልጠናው ብቻውን አይበቃም፤ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ማለፍ ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክም ለከተማዋ ወጣት ሌላ አማራጭ ሆኖ መጥቷል።

ወደ ዓረብ አገር የሚሄደው ሰው ነገር ለብቻው መታየት አለበት፤ ጅማና አካባቢዋ ብዙ ሴቶችን ከሚልኩት አንዱ ነውና። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ነው፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። በሕጋዊ መንገድ የምትሄድ ልጅ ሠልጥና፣ በብቃት ምዘና አልፋ፣ የሥራ ውሏ በመንግሥት ጸድቆ ነው የምትወጣው። የቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው። ፓስፖርት ግን በራሷ ታወጣለች። ስለዚህ አንድ ሰው «ለትኬት ይህን ያህል አምጪ» ካላት፣ ኤጀንሲ ነኝ ቢልም፣ ያ ሰው ደላላ ነው። ወይም ኤጀንሲ ሆኖ እንደ ደላላ የሚሠራ ነው።

ሥራ ለያዘ ሰው የግል ድርጅትን የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ለወሊድ 120 ቀን ከነደመወዝ ይሰጣል፤ አባትም 3 ቀን አለው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከማለዳ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው አንድ ተኩል፣ ከዚያ በኋላ ባለው ሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በበዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ለጡረታ ከደመወዝ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ይሰበሰባል። አገር አቀፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ግን የለም። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም አስቀምጧል፤ ሠራተኛው ዛሬም ይጠብቃል።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጎ መያዝ ይገባል። ውል በቃል ቢደረግም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት። በቡና ወቅት ወደ ጎማና ሊሙ ወረዳዎች ለለቀማ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ መጋዘን ውስጥ ቡና የምትለቅመውም ሴት፣ ይህችን ወረቀት ብዙ ጊዜ አያገኙም። ሥራው ወቅታዊ መሆኑ ከሕጉ አያስወጣቸውም። ወረቀቱ ባይኖርም የመጡበትን ቀንና የተከፈላቸውን መጻፍ፣ አብረው የሠሩትን ማስታወስ ይጠቅማል፤ ምስክር ማስረጃ ነው። የቤት ሠራተኞች ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። ይህ የሕጉ ትልቁ ቀዳዳ ይመስለኛል።

ቅሬታ ሲኖር ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉ ሄዶ ተቆጣጣሪ እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል። ካልተፈታ ጉዳዩ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል። ለዚህ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት ይላል ሕጉ፤ ቀጠሮ ሲደራረብ መዘግየቱ ያው የታወቀ ነው። ጠበቃ ማቆም የማይችል ሰው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የጊዜው ገደብ ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ሽማግሌ ይግባበት» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ከዚሁ ላይ ይቆጠራል።