የቦኖው ቁልፍ በማን እጅ ነው? ውሃ፣ ሽንት ቤትና ድርጅቶች በወሎ

ወሎ ውሃ ያጣ አገር አይደለም። ስሙ ከድርቅ ጋር ተጣብቆ ስለቀረ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ይነሳል። በሽሎ የደላንታንና የመቅደላን ገደል እየሰነጠቀ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ሚሌና ቦርከና ወደ አዋሽ ያመራሉ። ሐይቅ፣ አርዲቦና ማይባር ደቡብ ወሎ ውስጥ ተኝተዋል። ከቆቦ ሜዳ ስር ደግሞ ሰፊ የከርሰ ምድር ውሃ አለ። ችግሩ ውሃው ገደል ውስጥ፣ ሰዉ አምባ ላይ መሆኑ ነው። 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። እሱን አዝሎ ዳገት መውጣት የሴቶችና የልጃገረዶች ዕጣ ሆኖ ኖሯል።

ያንን ዳገት ለማሳጠር ባለፉት 50 ዓመታት ብዙ ድርጅት ወሎን ረግጧል። ዛሬ ወሎ ስንል ባብዛኛው ደሴን ማዕከል ያደረገውን ደቡብ ወሎን፣ ወልድያን ማዕከል ያደረገውን ሰሜን ወሎንና ከሚሴ ያለበትን የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። በቀድሞው ክፍለ ሀገር ዘመን ግን ሰቆጣና ኮረምም ወሎ ነበሩ። ይህን ማስታወስ ይጠቅማል፤ የድርጅቶቹ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ዘመን ነውና።

ረሃብ ያመጣቸው

በ1966ቱ እና በ1977ቱ ረሃብ የውጭ ድርጅቶች ወሎ የገቡት እህልና ብርድ ልብስ ይዘው ነው። የአየርላንዱ ኮንሰርን እ.ኤ.አ. በ1973 ኢትዮጵያ የገባው በዚሁ ምክንያት ነው። ኦክስፋም ደላንታ ላይ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል። በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮረም መጠለያ ምስል በቢቢሲ ዓለምን ሲያስደነግጥ፣ በስፍራው የነበሩ ሐኪሞችና ነርሶች አንድ ነገር በደንብ ያውቁ ነበር። ሰዉ የሚሞተው በረሃብ ብቻ አይደለም። ተቅማጥ፣ ተስቦና ኩፍኝ ከተጨናነቀው ሰፈር፣ ከቆሸሸው ውሃና ከሽንት ቤት እጦት ጋር ተባብረው ይገድሉ ነበር። እህል ብቻውን እንደማያድን የተማሩት እዚያ ነው።

የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅትም፣ ሁሉም የሚያውቀው አመልድ፣ የተወለደው በዚያው ክፉ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። አጀማመሩ ለዕርዳታ ነበር። ቆይቶ ወደ ደንና አፈር ጥበቃ፣ መስኖና መጠጥ ውሃ ገባ። ግሊመር ኦፍ ሆፕ ከተባለው የቴክሳስ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ተጣምሮ በክልሉ ብዙ የውሃ ሥራ ሠርቷል። እዚህ ላይ የሥራ ክፍፍሉን ልብ ይሏል። ገንዘቡ ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ ቆፋሪው ግን የአገር ልጅ ነው። ሰሌዳው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የለጋሹ ስም ስለሆነ ሰዉ ይህን አይለየውም።

ሰዎች ለሰዎች ደግሞ ለየት ያለ ታሪክ አለው። ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርልሄንዝ በም እ.ኤ.አ. በ1981 በጀርመን ቴሌቪዥን ውርርድ አስይዞ ገንዘብ አሰባሰበ፤ በዚያው ዓመት ድርጅቱን መሠረተ። ወሎ ውስጥ ቦረናና ወግዲ ላይ ሠርቷል። ቦረና ስል የደቡብ ወሎውን ነው፤ ከኦሮሚያው ቦረና ጋር የሚያምታታው ብዙ ነው። የዚህ ድርጅት አካሄድ አንድ ወረዳ ገብቶ ውሃውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውንና እርከኑን አብሮ መሥራት፣ ከዚያም ማስረከብና መውጣት ነው። ዋተር ኤድ፣ ዩኒሴፍ፣ ወርልድ ቪዥን፣ ቀይ መስቀልና የመካነ ኢየሱስ የልማት ክፍልም በየፊናቸው በውሃና ንጽሕና ሥራ የሚታወቁ ናቸው።

ሁሉም በየራሱ መንገድ ሲሄድ ግን ዝብርቅርቁ ይወጣል። አንዱ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ያገኛል፣ ውሃ የለውም። ሌላው ጤና ጣቢያ ቧንቧ አለው፣ ሽንት ቤቱ ፈርሷል። ለዚህ መላ ተብሎ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የአንድ ዋሽ ብሔራዊ ፕሮግራም ነው፤ ዋሽ የሚባለው የውሃ፣ የሽንት ቤትና የንጽሕና ሥራ በአንድ ላይ ነው። የውሃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮች በአንድ ዕቅድ እንዲሠሩ ተፈራረሙ። አገራዊው መለኪያም ከፍ አለ። ቀድሞ ለገጠር ሰው በቀን 15 ሊትር በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ካገኘ ውሃ አግኝቷል ይባል ነበር። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሆነ። ካርታ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ቀላል ነው። አምባሰል ላይ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወርዶ መመለስ ማለት ሌላ ነገር ነው።

ምንጭ ማጎልበት

የወሎ ደጋ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ ከተደራረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ በተሰነጣጠቀው ድርብ ውስጥ ይሰርጋል፣ ጠጣር ድርብ ሲገጥመው ወደ ጎን ይሄዳል፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ደጋው ላይ ዋናው ሥራ ጉድጓድ መቆፈር ሳይሆን ምንጭ ማጎልበት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የምንጩ ዓይን ተከትሎ እስከ ጠጣሩ ድረስ ይቆፈራል። ውሃው በጠጠር ውስጥ ተጣርቶ ወደ ግንብ ሳጥን እንዲገባ ይደረጋል። ላዩ በጭቃና በሲሚንቶ ይደፈናል፤ ከላይ የሚመጣ ጎርፍ እንዳይገባ ቦይ ይቀደድለታል፣ ዙሪያው ይታጠራል። ከዚያ በቧንቧ ወደ ማጠራቀሚያ፣ ከማጠራቀሚያው ወደ ቦኖ። ከቦኖው የሚተርፈው ለከብት ገንዳና ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል። ጥሩ ባለሙያ የከብት ገንዳውን አይረሳም። ከረሳው ከብቱ ቦኖው ላይ ይመጣል፣ አጥሩም ይፈርሳል።

የዚህ ሥራ ውበቱ ነዳጅ አለመፈለጉ ነው። ውሃው ራሱ ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁለቱ ግን ጠላትም ነው። ውሃ በቧንቧ ውስጥ 10 ሜትር በወረደ ቁጥር ግፊቱ በአንድ ባር ያህል ይጨምራል። 200 ሜትር ሲወርድ ፕላስቲኩን ቧንቧ ሊያፈነዳው ይችላል። ለዚህ ነው መሀል መሀል ላይ ግፊት መስበሪያ ታንክ የሚሠራው። የማያውቅ ሰው ሲያየው ያለቦታው የተተከለ ባዶ ሳጥን ይመስለዋል፤ ክዳኑን ለበረት የሚወስድም አይጠፋም።

ምንጭ በሌለበት፣ ውሃው ቅርብ ከሆነ፣ በእጅ ተቆፍሮ ፓምፕ ይገጠማል። የተለመደው አፍሪዴቭ ነው። ይህ ፓምፕ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲነደፍ ሐሳቡ የመንደር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ነበር። እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ይስባል፤ አብዛኛው ክፍሉ በአንድ መፍቻ ይፈታል። የሚያልቀው ነገር ትንሽ የጎማ ማኅተም ነው። ፓምፑን ሲያስቆመው ግን መንደሩ በሙሉ ወደ ወንዝ ይመለሳል።

ቆላው ሌላ ዓለም ነው። ራያ ቆቦና ሀብሩ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ሰርጓጅ ፓምፕ፣ ጀነሬተር ወይም የመብራት መስመር ያስፈልጋል። አሁን አሁን ሶላር እየተተካ ነው። ጀነሬተር ያለበት የውሃ ተቋም የናፍጣ ዋጋ ሲንር ይቆማል፤ ሶላር ቢያንስ ከዚህ ያድናል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ያው የከርሰ ምድር ውሃ ለመስኖም ይሳባል። ሽንኩርትና ቲማቲም ለሚያመርተው ገበሬ ትልቅ በረከት ነው። ለመጠጥ ውሃው ጉድጓድ ግን ጎረቤቱ ከሱ ጋር አንድ እንስራ እየተሻማ መሆኑ መታሰብ አለበት።

ቁልፉ

ግንባታው ከሥራው ቀላሉ ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ከባዱ ምረቃው ካለቀ፣ በጉ ታርዶ ከተበላ በኋላ ይጀምራል።

በየውሃ ተቋሙ የውሃ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ባለሙያዎቹ ዋሽኮ ይሉታል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ሴቶች እንዲገቡበት ይገደዳል። ከየቤቱ በወር ወይም በጄሪካን ገንዘብ ይሰበሰባል፣ የቦኖ ጠባቂ ይቀጠራል፣ ሰዓት ይወሰናል። ወረቀት ላይ ያማረ ነው። ገንዘብ ያዡ ወደ አረብ አገር ሲሄድ ወይም ሰብሳቢው ከቀበሌው ጋር ሲጣላ ግን ሁሉም ይበተናል።

ይህን በተሻለ ያሰበው በፊንላንድ ድጋፍ የመጣው አካሄድ ይመስለኛል። ፊንላንድ በአማራ ክልል የገጠር ውሃ ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ኮዋሽ የተባለው ፕሮግራም ተተካ። ዋናው ፈጠራ ገንዘቡን ለማን መስጠት የሚለው ላይ ነው። ብሩ ለተቋራጭ ወይም ለወረዳ ሳይሆን በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ በዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በኩል ለራሱ ለኮሚቴው ይሰጣል። ኮሚቴው ሲሚንቶ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል፣ ሒሳብ ያወራርዳል። ድንጋይና አሸዋ ሕዝቡ ያቀርባል። ከግንባታው በፊትም ለጥገና የሚሆን ገንዘብ በቁጠባ ደብተር ይቀመጣል። ሲሚንቶውን በአህያ ጭኖ ያወጣ ሰው የቦኖው ክዳን ሲጠፋ ዝም አይልም።

እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ወሎ የራሱ ኮሚቴ አለው። ሌላው እድር የሚለውን ወሎዬ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ገንዘብ መሰብሰብ ያውቃል፣ ቀሪን መቅጣት ያውቃል፣ ሼሁንም ቄሱንም አንድ ድንኳን ውስጥ ማስቀመጥ ያውቃል። ጠብ ሲነሳ የሚያስታርቅ አበጋር አለ። በውሃ መቅዳት ተራ የተጣሉ ሁለት ጎጦች ለወረዳው ደብዳቤ ከመጻፍ አበጋር ፊት ቢቀመጡ ይቀላቸዋል። ለሶላት ውዱእ የሚያደርገውም፣ ለጸበል የሚመጣውም ከዚያው ምንጭ ነው የሚቀዳው። አዲስ ኮሚቴ ከዜሮ ከማቋቋም በቅሬው ላይ መመርኮዝ ለምን ለብዙ ድርጅት እንደማይታየው አይገባኝም።

ሕጉም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 621 ድርጅቶች ከበጀታቸው ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ እንዳያወጡ ከለከለ። ነገሩ መልካም ይመስላል። ግን ሥልጠናና የመስክ ጉዞም እንደ አስተዳደር ወጪ ይቆጠር ነበር። ኮሚቴ ማሠልጠን፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ማየት የሚያስወጣው ገንዘብ ከዚያ 30 በመቶ ይቀነሳል ማለት ነው። ሲሚንቶ ግን ምንጊዜም ልማት ነው። ሕጉ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1113 ተተክቷል።

የሚያሳፍረው ግማሽ

ስለ ውሃ ሁሉም ያወራል፤ ስለ ሽንት ቤት የሚያወራ ጥቂት ነው። ለጋሽም ቢሆን ቦኖ አጠገብ ፎቶ መነሳት እንጂ ጉድጓድ አጠገብ መቆም አይወድም። ይሁንና የአማራ ክልል ሕዝብ ዐይን ለዚህ ምስክር ነው። ክልሉ በኢትዮጵያ ትራኮማ እጅግ ከጠናባቸው አካባቢዎች ነው። በሽታውን የምታዛምተው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ሕፃንን ደጋግሞ ሲይዘው የዐይኑ ቆብ ውስጡ ይጠባሳል፣ ካደገ በኋላ የዐይኑ ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን ይፍቃል። ወረንጦ በአንገታቸው አንጠልጥለው የሚውሉ እናቶችን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

የካርተር ማዕከል ከክልሉ ጤና ቢሮና ከላየንስ ክለቦች ጋር በዚህ ላይ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል። ስልቱ አራት ነገር ነው፦ ቀዶ ጥገና፣ መድኃኒት፣ ፊት መታጠብና የአካባቢ ንጽሕና። የሽንት ቤት ዘመቻው ሲጀመር ከታሰበው እጅግ ብዙ ጉድጓድ ተቆፈረ። የገፉትም ሴቶች ናቸው። ሴት ልጅ በቀን ሜዳ መውጣቷ ነውር ስለሆነ ጨለማ መጠበቅ ነበረባት። ስለ ዝንብ የተሰበከው ስብከት ሁሉ ያላመጣውን ለውጥ ይህ ችግር አመጣው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤት ለቤት ሲዞሩ የሚያስተምሩት አንዱ ይኸው ነው። ከባንግላዴሽ የመጣው ሕዝብን አንቀሳቅሶ ሜዳ ላይ መጸዳዳትን የማስቀረት ስልትም ተጨመረ። ነዋሪው ተሰብስቦ የሰፈሩን ካርታ መሬት ላይ ይስላል፣ የት የት እንደሚጸዳዳ ያሳያል፣ ዝንቧ ከዚያ ተነስታ እንጀራው ላይ ስታርፍ ይገባዋል። ቀበሌው ሲሳካለት ነጭ ባንዲራ ይሰቀልለታል። ባንዲራው ግን ከሽንት ቤቱ ይልቅ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። ጃማና ወረኢሉ ላይ አፈሩ መረሬ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ይደረመሳል። ቆላው ላይ ምስጥ እንጨቱን ይበላዋል። ደጋው ላይ አንድ ሜትር ሳይቆፈር ድንጋይ ይመጣል። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ዲዛይን መስጠት አይሠራም። የሲሚንቶ ወለልና ሳቶ የሚባለው ክዳን ያለው ፕላስቲክ መቀመጫ ይረዳል። እሱንም ቢሆን ገበሬው በገበያ ቀን በአቅሙ ማግኘት አለበት።

ከተሞቹ

ደሴ በጦሳና በአዝዋ መሀል ተጣብቃ ያደገች ከተማ ናት። ቧንቧ በፈረቃ መጠበቅ ለደሴ ሰው አዲስ አይደለም። የደሴም የኮምቦልቻም ፍሳሽ የሚያገኘው ቦርከናን ነው፤ ቦርከና ደግሞ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፣ ከብትም ሰውም ይጠቀምበታል። በገጠሩ ከሚሠሩት ድርጅቶች ብዙዎቹ ይህን የከተማ ፍሳሽ ጉዳይ አይነኩትም። ፋብሪካና ማዘጋጃ ቤት የሚያነካካ ስለሆነ ነው መሰለኝ።

የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወልድያ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የውሃ ተቋማትም ተጎዱ። ሐይቅ አካባቢ በጃሪና በሌሎች መጠለያዎች ተፈናቃዮች ሰፈሩ። ታሪኩ ከኮረም ዘመን ብዙም አልራቀም። ቦቴ ውሃ ያመላልሳል፣ የጋራ ሽንት ቤት ይቆፈራል፣ ሁሉም አተት እንዳይገባ ይሰጋል። ቦቴ ሕይወት ያድናል። ሆኖም ለወራት ሲቀጥል የሚበላው ገንዘብ ብዙ ነው፤ መጠለያው ሲፈርስም የሚተርፍ ነገር የለም።

ከዚያ ጥር 2017 ዓ.ም. መጣ። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን አገደ፤ ከወራት በኋላ የዕርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። በዚያ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ የውሃና የንጽሕና ፕሮጀክቶች በኢትዮጵያም ቆሙ። መኪናው ወደ ዋናው ቢሮ ተመለሰ፣ ባለሙያው ተሰናበተ። ኮሚቴው መፍቻውና የቁጠባ ደብተሩ በእጁ ካለ ግን ለአንድ ጎማ ማኅተም የድርጅት መኪና መጠበቅ የለበትም። ደሴ ወርዶ፣ ጎማውን ገዝቶ፣ በማግሥቱ ፓምፑን ይፈታል።