የጠመንጃ እርግጫ ምንድን ነው? አፈሙዙስ ለምን ወደ ላይ ይነሳል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የተጓዘ ሰው ሀረጎን ያውቀዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከፊታችሁ ያለው አይሱዙ ድንገት ፍሬን ሲይዝ አፍንጫው ወደ መሬት ይደፋል፤ ኋላው ብድግ ይላል። ጭነቱ ከፍ ብሎ ከተቆለለ ደግሞ ይብስበታል። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ቤት መጣ። 11ኛ ክፍል ነው፣ ፊዚክስ ይወዳል። ቡና እየተፈላ «ጋሼ፣ ክላሽ ሲተኮስ የሚገፋው ወደ ኋላ ነው አይደል? ታዲያ አፉ ለምን ወደ ላይ ይነሳል?» አለኝ። ጥያቄው ደስ አለኝ። ብዙ ሰው ሁለቱን ነገሮች እንደ አንድ ነው የሚያያቸው። የተለያዩ ናቸው።

መጀመሪያ ወደ ኋላ ስለሚመጣው። ተኳሾች «ሰደፉ ረገጠኝ» ይላሉ፤ እኔም እርግጫ እለዋለሁ። ምክንያቱን ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሦስተኛው ሕግ ውስጥ እናገኘዋለን፤ ለእያንዳንዱ ድርጊት እኩልና ተቃራኒ የሆነ አጸፋ አለ። ባሩዱ ሲቀጣጠል ጋዝ ይሆናል። ጋዙ ጥይቱን ወደ ፊት፣ ጠመንጃውን ወደ ኋላ ይገፋል። ጥይቱ ቀላል ስለሆነ ይፈተለካል። ጠመንጃው ከባድ ስለሆነ ቀስ ይላል። ክብደትን በፍጥነት ስናባዛ የምናገኘው ሞመንተም ግን በሁለቱም በኩል እኩል ነው።

በቁጥር እንየው። የክላሽ ጥይት እርሳሱ 8 ግራም ገደማ ነው፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጠመንጃው ከነጥይቱ 4 ኪሎ ነው እንበል። ስሌቱን ስትሠሩት ጠመንጃው ወደ ኋላ በሰከንድ 1.4 ሜትር ይመጣል። እርሳሱን ተከትሎ የሚወጣው ጋዝም የራሱ ግፊት አለው፤ እሱ ሲጨመር ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። ይህ ምን ያህል ነው? 4 ኪሎ ዕቃ ከ20 ሳንቲሜትር ከፍታ ትከሻ ላይ ሲወድቅ የሚኖረው ፍጥነት ነው። አይገድልም። ግን ያልጠበቀውን ሰው ያስደነግጣል።

የድሮ ሰዎች ከዚህ የባሰ ችለዋል። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ የ1874 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ እርሳሱ 25 ግራም ነበር፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር አካባቢ። ጠመንጃው ራሱ ወደ 4.2 ኪሎ ይመዝናል። አባዙትና አወዳድሩት፤ የእርሳሱ ሞመንተም ከክላሹ እጥፍ ይሆናል። ልጅ ሳለሁ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ «ውጅግራ ትከሻ ታበልዛለች» ሲሉ እሰማ ነበር። ያኔ ማጋነን መስሎኝ ነበር። ስሌቱን ከሠራሁ በኋላ አመንኳቸው።

አሁን ወደ አፈሙዙ። ቁም ሳጥን ስትገፉ እጃችሁን ታች ካደረጋችሁ ይንሸራተታል። ላይኛው ጫፍ ላይ ከገፋችሁት ግን ወደ መገልበጥ ይሄዳል። ግፊቱ ያው ነው፤ የተለየው ያረፈበት ቦታ ነው። ጠመንጃም እንዲሁ። እርግጫው የሚመጣው በበርሜሉ መስመር ነው። ትከሻችን ሰደፉን የሚይዘው ግን ከዚያ መስመር ዝቅ ብሎ ነው። ላይ ይገፋል፣ ታች ይያዛል። ስለዚህ ጠመንጃው ይዞራል፤ ሲዞር ደግሞ አፈሙዙ ወደ ላይ ይሄዳል።

የሀረጎው አይሱዙም ይኸው ነው። ፍሬኑ የሚይዘው ጎማው መሬት በነካበት፣ ታች ነው። ክብደቱ ያለው ላይ ነው። ታች ሲያዝ ላይኛው ልሂድ ይላል፤ መኪናው ይደፋል። ለእህቴ ልጅ እንዲህ ስነግረው «እና ጭነት የተቆለለበት የሚብስበት ለዚህ ነው!» ብሎ ጮኸ። አዎ። በበርሜሉና በትከሻው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በሰፋ ቁጥር አፈሙዙም ይበልጥ ይነሳል።

ወደ ጎንም ይሄዳል። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ግፊቱ ያረፈው ከሰውነቱ መሃል በስተቀኝ ነው፤ ትከሻው ወደ ኋላ ይዞራል፣ አፈሙዙም ወደ ላይና ወደ ቀኝ ይሸሻል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ የሚቆየው አንድ ሚሊሰከንድ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ብቻ ነው። በዚያ ቅጽበት ክላሹ ወደ ኋላ የሚሄደው 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዓይን የሚያየው መነሳት በአብዛኛው የሚመጣው እርሳሱ ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥይት ያሳተው አብዛኛውን ጊዜ የአፈሙዙ መነሳት አይደለም። ድንጋጤው ነው። ሰውየው እርግጫውን አስቀድሞ ይፈራል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሳያውቀው ትከሻውን ወደ ፊት ይገፋል። አፈሙዙ ይደፋና ጥይቱ ከዒላማው በታች ይሄዳል። የአፈሙዝ መነሳት ጉዳቱ ለሁለተኛው ጥይት ነው፤ ጠመንጃው ወደ ቦታው እስኪመለስ ዒላማው ከዓይን ይጠፋል።

ግማሽ አውቶማቲክ የሚባሉት፣ ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሰው ራሳቸው የሚጎርሱት፣ እዚህ ላይ የተለየ ጠባይ አላቸው። ሲሞኖቭ አንዱ ነው። በርሜሉ ላይ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ጥቂት ጋዝ ይወጣል፤ ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ ቀለሁን የሚያስወጣውን ብረት ወደ ኋላ ይሰደዋል። ሞላው ይታመቃል፣ ከዚያ ብረቱን መልሶ ወደ ፊት ይወረውረዋል። ጠቅላላው ግፊት አይጠፋም፤ ግን በጊዜ ይዘረጋል። አንድ ኃይለኛ ምት የነበረው ረዘም ያለ ግፊት ይሆናል። በምትኩ ብረቱ ኋላ ደርሶ ሲመታ፣ ወደ ፊት ተመልሶ ሲዘጋም ጠመንጃው ይነቀነቃል።

ታዲያ ምን ይቀንሰዋል?

ክብደት አንዱ ነው። ከባድ ጠመንጃ ቀስ ብሎ ይመጣል። ያን ቀኑን ሙሉ የሚሸከም ሰው ግን አይወደውም። ትንሽ ጥይት ሌላው ነው። ሶቪየቶች በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ክላሽ እርሳሱ 3.4 ግራም ብቻ ነው፤ በሰከንድ 900 ሜትር ቢሄድም ሞመንተሙ ከቀድሞው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ሦስተኛው የሰደፉ ቅርጽ ነው። የአሜሪካኖቹ ኤም 16 ሰደፉ ከበርሜሉ ጋር ቀጥ ብሎ የተሰለፈ ነው፤ ግፊቱ ቀጥታ ወደ ትከሻ ስለሚመጣ የመዞሩ ነገር ይቀንሳል። ማነጣጠሪያው ከፍ ብሎ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ምንሽርን ከጎን ብታዩት ሰደፉ ወደ ታች ዘቅዘቅ ያለ ነው፤ ለማነጣጠር ይመቻል፣ አፈሙዙን ግን ያነሳል።

እኔን ከሁሉም የሚማርከኝ የአፈሙዝ ፍሬን ነው። እርሳሱን ተከትሎ የሚወጣውን ጋዝ በቀዳዳዎች ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ያስወጣዋል። ጋዙ ወደ ላይ ሲወጣ አፈሙዙን ወደ ታች ይጫነዋል። እንደገና ኒውተን! በ1959 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ክላሽ ላይ የነበረችው ፍሬን ገደድ ብላ የተቆረጠች አጭር ቱቦ ናት። ቁርጧ ግን በዘፈቀደ አይደለም። ወደ ላይና ወደ ቀኝ የሚሸሸውን አፈሙዝ ወደ ታችና ወደ ግራ እንድትገፋ ነው የተሠራችው። ዋጋም አለው፤ ድምፁና ፍንዳታው አጠገብ ያለ ሰው ጆሮ ላይ ይወርዳል። ጆሮ አንዴ ከተጎዳ ደግሞ አይመለስም።

የቀረው ሰውነት ነው። ሰኞ ገበያ ኩንታል የሚሸከሙ ወጣቶችን አስተውላችኋል? ጆንያው ሲጫንባቸው ቀጥ ብለው አይቆሙም። አንድ እግር ፊት፣ ጉልበት ላላ፣ ደረት ወደ ፊት ዘንበል። ጆንያው ጀርባቸው ላይ ይቀመጣል እንጂ አይወድቅባቸውም። የተኳሽም አቋም ይኸው ነው። ሰደፉ ትከሻ ላይ በደንብ ካረፈ ጠመንጃውና ሰውየው አንድ ላይ ይገፋሉ፤ 4 ኪሎ የነበረው ከሰውነት ክብደት ጋር ይደመራል። በመሃል ክፍተት ካለ ግን ጠመንጃው መጀመሪያ ለብቻው ፍጥነቱን ይይዛል፤ ከዚያ መጥቶ ይመታል። ፊት ያለው እጅ ደግሞ ወደ አፈሙዙ ጠጋ ሲል መዞሩን ለመያዝ ጉልበት ያገኛል፤ በር ከማጠፊያው ራቅ ብሎ ሲገፋ እንደሚቀለው።

እዚህ ላይ ሆዴን የሚያባባው ነገር አለ። በሰርግና በለቅሶ ክላሽ በአንድ እጅ ወደ ሰማይ የሚተኩሱ አሉ። ክላሽ ደግሞ ተከታታይም ይተኩሳል። በአንድ እጅ፣ ሰደፉ አየር ላይ ሆኖ፣ ከላይ የዘረዘርኳቸው አንዳቸውም የሉም። አፈሙዙ በእያንዳንዱ ጥይት ይዞራል፤ ሁለተኛው ጥይት የት እንደሚሄድ ተኳሹ ራሱ አያውቅም። ዙሪያው ደግሞ ሰው ነው፣ ሕፃናት ናቸው። የወጣው እርሳስም ይመለሳል። እባካችሁ ተዉት።

የእህቴ ልጅ ከመሄዱ በፊት አንድ ፎቶ አሳየሁት። ኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ ጃንሆይ የአየር መቃወሚያ ይዘው ያሉበት ነው። «ይሄ ከክላሽ በጣም ይበልጣል፤ እንዴት አልጣላቸውም?» አለኝ። መልሱን ራሱ እንዲያገኘው ዝም አልኩ። ፎቶውን ትንሽ አየው። ከዚያ ጣቱን መሣሪያው የተተከለበት መቆሚያ ላይ አሳረፈ። «መሬቱ ነዋ የሚረገጠው» አለ።