ስላም ምንድን ነው? የግጥም ዘውግ ግን አይደለም

ገጣሚው ወረቀት ሳይዝ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ስለ ስደትና ስለ ማንነት ከተናገረ ቪዲዮው ላይ «ስላም ግጥም» የሚል ርዕስ ይለጠፍበታል። የፊሊፒኖ አሜሪካውያን የስፖክን ወርድ ስብስቦች ስም በተነሳ ቁጥርም «ስላም የግጥም ዘውግ ነው፤ ሥሩም ባላግታሳን የተባለው የፊሊፒንስ የግጥም ሙግት ነው» የሚል አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። ሁለቱም አባባል ስህተት ነው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ሁለተኛውን ይወልዳል።

ስፖክን ወርድ ለጆሮ ተብሎ የተጻፈ ግጥም ነው። ስላም (slam) ገጣሚዎች መድረክ ላይ ለነጥብ የሚፎካከሩበት ውድድር ነው። ልዩነቱ የቡናና የቡና ቅምሻ ውድድር ልዩነት ነው። ቤት ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ የሚጠጣው ቡና፣ በእኩል ግራም ተለክቶ ነጥብ ከሚሰጡ ቀማሾች ፊት ቢቀርብም ያው ቡና ነው። የተለወጠው ዙሪያው ያለው ደንብ ነው። «ይህ የቅምሻ ቡና ነው» ብሎ ዓይነት የሚያወጣለት የለም፤ ይርጋጨፌም ሐረርም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀርባሉ። ስላም ላይም እንዲሁ ቤት የሚመታም የማይመታም፣ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ግጥም ይቀርባል።

ውድድሩን የጀመረው ማርክ ስሚዝ የተባለ የቺካጎ የግንባታ ሠራተኛና ገጣሚ ነው፤ ግሪን ሚል በተባለው የጃዝ ክለብ ሳምንታዊው ስላም በጁላይ 1986 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። የመጀመሪያው የአሜሪካ አገር አቀፍ ውድድር በ1990 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተካሄደ፤ ከዚያ በኋላ የጸናው ደንብ ይህን ይመስላል። ግጥሙ የራስ ሥራ መሆን አለበት። ጊዜው 3 ደቂቃ ነው፤ 10 ሰከንድ ምሕረት አለው። የመድረክ ቁሳቁስ፣ የተለየ ልብስ፣ የሙዚቃ መሣሪያ አይፈቀድም፤ ማንጎራጎርና ማጨብጨብ ግን ይቻላል። አምስት ዳኞች ከተመልካቹ መካከል ተመርጠው ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተጥለው ሦስቱ ይደመራሉ። ለምሳሌ 8.1፣ 8.6፣ 8.8፣ 9.0 እና 9.7 ከተሰጠ ውጤቱ 26.4 ነው። ገጣሚው በ3 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ከጨረሰ 0.5 ተቀንሶበት 25.9 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላም ለየ10 ሰከንዱ ሌላ 0.5 ይቀነስበታል። ብዙ ጊዜ አሸናፊን ከተሸናፊ የሚለየው ከዚህ ያነሰ ነጥብ ነውና ሰዓት ሳይዙ መለማመድ አያዋጣም። የተለመደው ስህተት ቤት ውስጥ 2 ደቂቃ ከ55 የፈጀውን ግጥም ይዞ መውጣት ነው፤ የተመልካቹ ሳቅና ጭብጨባ የሚበላው ጊዜ አልታሰበም። 2 ደቂቃ ከ40 ላይ ቢያልቅ ይሻላል።

በአማርኛ ለሚሞክር ደግሞ በእንግሊዝኛው የቃል ብዛት መመራት አይሠራም። «አልመጣሁልህም» አንድ ቃል ሆኖ አምስት የእንግሊዝኛ ቃል ያህል ይሸከማል። ልኩ ሰዓት ብቻ ነው።

የቡናው ንጽጽር አንድ እርምጃ ይቀጥላል። ቀማሾች ሥራ ሳይጀምሩ ምላሳቸውን የሚያስተካክሉበት ናሙና አላቸው፤ ስላምም ከውድድሩ በፊት ነጥቡ የማይቆጠርለት «የመሥዋዕት ገጣሚ» ያወጣል፤ ዳኞቹ መለኪያቸውን በእሱ ላይ ይሞክራሉ። እንዲያም ሆኖ ተመልካቹ እየሞቀ ሲሄድ ነጥቡ ሽቅብ ይወጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጣ ይጎዳል፤ ቅደም ተከተሉ በዕጣ የሚወሰነውም ለዚህ ነው። ንጽጽሩ የሚሰበረው ዳኞቹ ላይ ነው። ቡና ቀማሽ የሠለጠነ ነው፤ የስላም ዳኛ ግን ሆን ተብሎ ከመንገድ እንደገባ ሰው ያለ ነው። ነጥቡ የግጥሙን ጥራት አይመሰክርም፤ የዚያን ምሽት አምስት ሰዎች ስሜት ነው። «በስላም አሸነፈ» ማለትን «ታላቅ ገጣሚ ነው» ብሎ መተርጎም የማይገባው ለዚህ ነው።

በዚህ መለኪያ አዲስ አበባ የለመድነው ግጥም በጃዝ ስላም አይደለም፤ ሙዚቃ አለው፣ ነጥብ የለውም። ይህ ጉድለቱ አይደለም፤ ሌላ ነገር ስለሆነ ነው።

ወደ ፊሊፒኖ አሜሪካውያኑ እንመለስ። በሲያትል በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሰባሰበው ኢሳንግማሃል፣ በአብዛኛው ፊሊፒኖ አሜሪካውያን የሆኑ ወጣቶች የጥበብ ስብስብ ነበር። ስሙ ታጋሎግ ከተባለው የፊሊፒንስ ቋንቋ ሲመለስ «አንድ ፍቅር» ማለት ነው። «ማሃል» ፍቅርም ነው፣ የዋጋ መወደድም፤ «ውድ» የሚል ቃል ላለን ለእኛ ማብራሪያ አያሻውም። የስብስቡ ልብ ኦፕን ማይክ ነበር፤ ስም አስመዝግቦ የሚወጣ ይወጣል፣ ነጥብ የሚሰጥ የለም። በ2001 የመጀመሪያውን የእስያና የፓስፊክ ደሴቶች አሜሪካውያን የስፖክን ወርድ ጉባኤ ያስተናገደችውም ሲያትል ናት። ይህን ሁሉ «የስላም ቡድን» ብሎ መጠቅለል ነጥብ አልባ መድረክ ለመፍጠር የተለፋውን ልፋት ይሰርዛል። የቺካጎው «በሁለት ልሳን ተወለድኩ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የያዘው ቡድንም «ፊሊፒኖ» ይባላል፤ አባሎቹ ግን ከተለያዩ የእስያ ሥሮች የመጡ አራት ገጣሚዎች ነበሩ፤ ፊሊፒኖው ከእነሱ አንዱ ነው።

ባላግታሳንስ? በስንኝ የሚካሄድ ሙግት ነው። የመጀመሪያው በኤፕሪል 1924 ማኒላ ውስጥ ተካሄደ፤ ስሙ ከባለቅኔው ፍራንሲስኮ ባላግታስ የተወሰደ ነው። ሆሴ ኮራዞን ዴ ሄሱስና ፍሎሬንቲኖ ኮሊያንተስ በዚያ መድረክ ገነኑ። ተሟጋቾቹ በአንድ ርዕስ ላይ ተቃራኒ ወገን ይይዛሉ፣ ስንኙ ምጣኔና ቤት አለው፣ «ላካንዲዋ» የተባለ አስታራቂ ዳኛም ራሱ በግጥም ይመራል። ስላም ላይ ገጣሚው ለተፎካካሪው አይመልስም፤ ርዕስ አይታዘዝም፤ ምጣኔ አይገደድም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ተመልካች ፊት መፎካከር ብቻ ነው፤ በዚህ ሂሳብማ በሠርግ ቤት የሚሰዳደቡ ሚዜዎችም ስላም ሊባሉ ነው። አንዳንድ ፊሊፒኖ አሜሪካውያን ባላግታሳንን እንደ ቅርስ ማንሳታቸው ትክክል ነው፤ ቅርስ ማንሳትና የስላምን ልደት ከቺካጎ ወደ ማኒላ ማዛወር ግን ይለያያል።

የእነዚህን ገጣሚዎች ሥራ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ጽሑፉን ብቻ እንዳያምን። የታጋሎግ ጽሕፈት ከቃሉ ውስጥ የትኛው ክፍል ተጭኖ እንደሚነገር በአብዛኛው አያሳይም። «ባሳ» የመጀመሪያው ክፍል («ባ») ላይ ቢጫን ማንበብ ነው፤ መጨረሻው («ሳ») ላይ ቢጫን እርጥብ ነው። ፊደላችን «ገና» ሲጠብቅና ሲላላ እንደማይለየው ማለት ነው። ገጣሚው በእንግሊዝኛ ስንኝ መሃል አንዲት የታጋሎግ ቃል ጣል ሲያደርግ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ የሚነግረን አፉ ነው፤ ቅጂው ካለ መጀመሪያ ቅጂው ይደመጥ።