ስለ ፀጉር ማንጫ፣ ትሪትመንትና ማለስለሻ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአንዲት ዘለላ ፀጉር ገጽ ለዓይን ልሙጥ ይምሰል እንጂ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡና ወደ ፀጉሩ ጫፍ ባዘነበሉ ስስ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ከ5 እስከ 10 ድርብ የሚሆኑት እነዚህ ቅርፊቶች እያንዳንዳቸው ግማሽ ማይክሮሜትር ያህል ውፍረት ሲኖራቸው፣ ከላያቸው ውሃ የሚገፋ ስስ የስብ ሽፋን በኬሚካል ትስስር ተጣብቋል። ፀጉር ቤት ውስጥ የሚደረገው ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው በዚህ ገጽ ላይ ነው።

«ማንጫ የሚያነሳው ቀለሙን ብቻ ነው።» የፀጉር ቀለም የሚገኘው በአብዛኛው በውስጠኛው ክፍል ስለሆነ፣ በማንጫው ውስጥ ያለው ቀለም አጥፊ ኬሚካል፣ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ፣ እዚያ ለመድረስ ቅርፊቱን ማለፍ አለበት። አብሮት የሚቀላቀለው አሞኒያ ፀጉሩን ያሳብጣል፣ ቅርፊቱን ያላላል፤ የስቡም ሽፋን በዚሁ ሂደት ይነቀላል። ያን ጊዜ ውሃ ይገፋ የነበረው ገጽ ውሃ ጠጪ ይሆናል፤ የነጣ ፀጉር ሲታጠብ ቶሎ የሚርሰውና የሚተበተበው ለዚህ ነው። ሽፋኑ የሚሠራው ፀጉሩ ገና ከራስ ቆዳ ሥር ሳለ በመሆኑ፣ አንዴ ከሄደ በኋላ ዘይት በመቀባት አይመለስም።

«ትሪትመንት የተጎዳ ፀጉርን ያድናል።» ከቆዳ በላይ ያለው ፀጉር ሕይወት ስለሌለው እንደ ቁስል አይሽርም። በኮንዲሽነር ውስጥ ያሉት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ሞለኪውሎች ኔጌቲቭ ቻርጅ በሚበዛበት በተጎዳው ገጽ ላይ ይለጠፋሉ፤ ሲሊኮንም የተነሡትን ቅርፊቶች ሸፍኖ ፀጉሩን ያብረቀርቃል። ይህን ጥቅም ማናናቅ አይገባም፤ ፍትጊያ ሲቀንስ ማበጠሪያ የሚገነጥለው ቅርፊትም ይቀንሳልና። ነገር ግን ሽፋኑ በመታጠብ ብዛት ይለቃል፤ ለተሰነጠቀ ጫፍም መፍትሔው መቀስ ነው። እናቶቻችን የሚቀቡን ቅቤም ፀጉርን «ይመግባል» ሲባል እንሰማለን፤ ዘለላው የደም ሥር ስለሌለው ሊመገብ አይችልም፤ የቅቤው ትክክለኛ ውለታ ገጹን ማለስለሱና ሹሩባ ሲሠራ ፍትጊያን መቀነሱ ነው።

«ቀዝቃዛ ውሃ ቅርፊቱን ይዘጋል።» ቅርፊቱን በይበልጥ የሚያስተኛው እንደ ኮንዲሽነር ያለው ምርት መጠነኛ አሲድነት እንጂ የውሃው ቅዝቃዜ አይደለም።

«እርጥብ ፀጉር በፒያስትራ ቢተኮስ ውሃው ይጠብቀዋል።» ይህ እጅግ ጎጂ ስሕተት ነው። በፀጉሩ ውስጥ ያለው ውሃ በድንገት ወደ እንፋሎትነት ተለውጦ መውጫ ሲያጣ፣ በዘለላው ውስጥ አረፋ መሰል ቀዳዳዎችን ይፈጥራል፤ ፀጉሩም በእነዚያ ቦታዎች ይሰበራል።

«ኮስቲክ ሶዳ የሌለው ማለስለሻ ጉዳት የለውም።» የእነዚህም ምርቶች ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ፤ ከ7 በላይ ሲሆን አልካላይ ነው) አብዛኛውን ጊዜ ከ12 በላይ ስለሆነ፣ ቅርፊቱን አሳብጠው የውስጡን የሰልፈር ትስስር በማይመለስ ሁኔታ ይለውጣሉ። ለራስ ቆዳ በመጠኑ የሚቀሉ ቢሆኑም፣ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚሠሩት በገጹ ላይ የካልሲየም ዝቃጭ ትተው ፀጉሩን ሊያደርቁና ሊያደበዝዙ ይችላሉ። ከሁሉ የከፋው ግን በየጊዜው ከሥር እስከ ጫፍ ደግሞ መቀባት ነው። ፀጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ከ2 ወር በኋላ መቀባት ያለበት ከሥሩ 2 ሴንቲሜትር ያህሉ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የለሰለሰውን ክፍል ባለሙያዋ በቫዝሊን ወይም በኮንዲሽነር ሸፍና ልትጠብቀው ይገባል።